ሳይሰማ ያለው አሜን

ልጄ ጎጆ ከተማ ያስተምራል፤ ቅዳሜና እሁድን አምቦ እኔ ጋ ነው የሚያሳልፈው። ጸሎት ሲባል ጥሎ የሚወጣው ሰውዬ፣ ሰሞኑን በራሱ ጊዜ «ሃርሜ፣ እጅሽን ጭነሽ ጸልዪልኝ» ማለት ጀመረ። እንዲህ በኦሮምኛ «እናቴ» ብሎ ሲጠራኝ ሆዴ ይባባል። «ለምን ጉዳይ ነው?» ስለው፣ «እሱን ጌታ ያውቀዋል» ይለኛል። እኔም ልጄ ተመለሰልኝ ብዬ ለጎረቤት ሁሉ አወራሁ።

ባለፈው እሁድ ከቸርች ስመለስ ስልኩ ላይ አፍጥጦ ተቀምጧል። ያስቀመጥኩለት ቁርስ ሳይነካ ቀዝቅዟል። ሰላም ብለው አልሰማኝም። ድንገት ቀና ብሎ፣ «የት ቆየሽ? ትናንት ሳትጸልዪልኝ ስለተኛሽ እኮ ነው የተበላሁት!» አለኝ።

«ማን ነው የበላህ?»

«ውርርድ ነዋ! ያስያዝኩበት ቡድን ተሸነፈ። ዛሬ ግን ሁሉንም አስመልሳለሁ። ነይ ቶሎ፣ ጨዋታው ሊያልቅ ነው!»

ያ ሁሉ ጸሎቴ ለዚህ ኖሯል? ብቆጣው በሩን ዘግቶ እንዳይሄድብኝ ፈራሁ። አናቱ ላይ እጄን ጫንኩና እንባዬን እየዋጥኩ፣ «ጌታ ሆይ፣ ይህን ቁማር ከልጄ ላይ አንሳልኝ፤ ብቻውን መተው አቅቶታል» አልኩ።

ዓይኑን ከስልኩ ሳይነቅል፣ «አሜን! አሜን ሃርሜ፣ እንደሱ በይልኝ!» አለ።