ሞስኮ ላይ “ሌባ” ሲባል

ከመገናኛ ወደ ጉርድ ሾላ በምትሄድ ውይይት ታክሲ ውስጥ አንዲት እናት ፊት ለፊታቸው የተቀመጠውን ጎልማሳ ይጠይቁታል።

“ልጄ ለትምህርት ሞስኮ ሊሄድ ነው። አንተ ኖረህበታል፤ አደጋ ቢደርስበት ምን ብሎ ይጩህ?”

“እንደ እኔ አይጩህ፣ እናቴ።”

“ምን ብለህ ነበር?”

“በሄድኩ በሳምንቱ ቦርሳዬን ከነፓስፖርቴ ነጥቀውኝ ሮጡ። ደንግጬ በአማርኛ ‘ሌባ! ሌባ!’ አልኩ።”

“ማን ደረሰልህ?”

“አንዲት አሮጊት። ከዘንቢላቸው ዳቦ አውጥተው ሰጡኝ።”

“የምን ዳቦ?”

“በእነሱ ቋንቋ ‘ሕሌባ’ ዳቦ ነው፤ የራበኝ መስሏቸው። እኔም አላሳፈርኳቸውም፣ እያለቀስኩ በላሁት።”

“እና ልጄ ምን ይበል?”

“‘ፓማጊቴ’ ይበል፤ እርዱኝ ማለት ነው። ሌባዋን ለሚርበው ቀን ያቆያት።”

አጠገባቸው ተቀምጬ ስሰማ የነበርኩት እኔ፣ ‘ሌባ’ መያዜ እንዳይታወቅብኝ ከቀበሌ ሱቅ ተሰልፌ የገዛሁትን ዳቦ ቀስ ብዬ በነጠላዬ ሸፈንኩት።