የቱምፓ እናት ስለ ዶክተሩ መደብደብ የሰጠችው ቃል

የምስክር ስም፦ ሞርጂና ኻቱን
ዕድሜ፦ 31
አድራሻ፦ ናቶር አውራጃ፣ ባግሻራ መንደር
ቃል የተሰጠበት ቀን፦ ኤፕሪል 22 ቀን 2018

ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተገለጸው እኔ ምስክር፣ በዶክተር ኢፍተኻር ላይ ስለደረሰው ድብደባ የማውቀውን ተጠይቄ የሚከተለውን ተናግሬአለሁ። ሟች ቱምፓ የዘጠኝ ዓመት ልጄ ናት። ሌላ ልጅ የለኝም።

በጃንዋሪ ወር ዓይኗ ቢጫ ሆኖ ሆዴን እያለች ስታለቅስ ራጅሻሂ ከተማ ሆስፒታል ወሰድናት። ዶክተር ኢፍተኻር የሐሞት መውረጃዋ እንደ ከረጢት ማበጡን ነገረን። በአፏ በኩል ካሜራ አስገብቶ ሐሞቱ የሚፈስበት ቀጭን ቱቦ አስቀመጠላት። ሲያሰናብተንም «እህቴ፣ ይሄ ማስታገሻ እንጂ መዳኛ አይደለም። ቱቦው ሳይደፈን በሁለት ወር መልሰሽ አምጪያት፤ ከረጢቱን በቀዶ ጥገና አወጣዋለሁ» ብሎኛል። ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ቤት እንደገባን የባለቤቴ አባት ኮባድ አሊ የባህል ሐኪም አስጠርተው የወፍ በሽታ ጉንጉን በራሷ ላይ አስደረጉላት። ጉንጉኑ የሥር ቁርጥራጭ በክር ተሰክቶ የሚሠራ ሲሆን፣ እየላላ ወደ ታች በረዘመ ቁጥር በሽታው ወረደ ይባላል። እስከ ጉልበቷ ወረደ። ዓይኗም ነጣ። ቱቦው ነው ያነጣው ብል ማን ይሰማኛል? አማቴ ለመንደሩ ሁሉ ጣፋጭ አደሉ። ዶክተሩ ለምን ቀራችሁ ብሎ ሲደውል ስልኩን ከእጄ ነጥቀው «ድናለች! መቅደድ ካማረህ የራስህን ልጅ ቅደድ!» አሉት። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ልጄን እንደ ዓይናቸው ብሌን ነበር የሚያይዋት። ባለቤቴ ሻፊኩል ደግሞ በአባቱ ፊት ቀና ብሎ አይናገርም።

ኤፕሪል 18 ቀን ትኩሳትና ብርድ ብርድ አንቀጠቀጣት። ሆስፒታል ስንደርስ ቱቦው ተደፍኖ ሐሞቱ መግሏል፣ ደሟም ተመርዟል ተባለ። ዶክተሩ ቱቦውን ቀየረው፤ ከአጠገቧም አልተለየም። በማግስቱ ከቀትር በኋላ አረፈች። የባለቤቴ ወንድሞች «ገዳይ!» እያሉ ገብተው፣ ዶክተሩን ጓንቱን እንኳ ሳያወልቅ መሬት ላይ ጥለው ረገጡት። እሱም ያለቅስ ነበር።

ቤተሰቡ ምን ብሎ ላከሽ ተብዬ ለተጠየቅኩት፣ ባለቤቴ «ዶክተሩ ገደላት በዪ፤ አለዚያ እንዳትመለሺ» ብሎኛል። አልልም። ሰውየው አድኗት ነበር፤ እኛ ነን በቀጠሮው መልሰን ያልወሰድንለት።

አማትሽን ትከሻለሽ ወይ ተብዬ ለተጠየቅኩት፣ አልከስም። ቱምፓ አንደበቷ ከመያዙ በፊት «እማ፣ አያቴን እንዳትቆጪው። መርፌ ፈርቼ አትውሰደኝ ብዬ የለመንኩት እኔ ነኝ» ብላኛለች። ልጄ ጥፋቱን በራሷ ላይ አድርጋ ሄደች። አይደለም የኔ እናት ብዬ ሳልጨርስላት ዓይኗን ከደነች።

የተጻፈው ተነብቦልኝ ሰምቻለሁ። እውነት ነው፤ ማደሪያ ባጣም አልለውጠውም። ለዚሁም የአውራ ጣቴን አሻራ አኑሬአለሁ።

የምስክር አሻራ፦ ሞርጂና ኻቱን
ቃሉን የተቀበለው፦ ምክትል ኢንስፔክተር ሩሁል ኩዱስ (ፊርማ)