በበቅሎ የመጣ ለቅሶ ደራሽ

የደርበው ልጅ ባንቺዓለም ሞተች። አራት ዓመቷ ነበር።

በሠልስቷ ዕለት ገነተ ማርያም በተተከለው ድንኳን ከተቀመጡት መካከል አንድ የከተማ እንግዳ ነበር። የዚያው አገር ልጅ ነው። ዱሮ የሬዲዮ ጋዜጠኛ ነበር፤ ዛሬ የመንግሥት ቃል አቀባይ ሆኗል። ደርበው ተነሥቶ ተቀበለው፣ ቦታ ሰጠው። ከዚያ ፊቱን ወደ ንስሐ አባቱ ወደ አባ ወልደ ሰንበት አዞረ። ሐዘንተኛ ለቅሶ ሊደርሰው የመጣን ሰው አይወቅስም፤ ነውር ነው። የንስሐ አባቱን ቢያጫውት ግን ማን ይከለክለዋል?

መጀመሪያ ስለ ዝናቡ አነሣ። ዘንድሮ ክረምቱ መበርታቱን፣ ገብሱ ደህና ሆኖ ባቄላው ላይ ውሃ መተኛቱን ነገራቸው። ጉልበታቸው እንዴት እንደ ዋለም ጠየቃቸው።

«ለመሆኑ አባ፣ ሬዲዮ ይሰማሉ?» አለ ቀጥሎ። «አንድ የማውቀው ሰው አለ። ስሙን ይተዉት። እንደሱ ያለ አንደበት ላስታ አላበቀለችም። ‹ከአፍ ከወጣ አፋፍ› ይባል የለ? የእሱ ግን ከአፉ ወጥቶ አፋፉ ላይ መንገድ ይሠራል…»

ያን ሰው በጋዜጠኝነቱ ዘመን ያላመነው እንዳልነበረ አወጋቸው። ድልድይ የፈረሰ ዕለት ወንዙ ውስጥ እስከ ጉልበቱ ቆሞ «ፈርሷል» ብሎ ሲናገር አገር ሰምቶታል። ከዚያ ወዲህ የሙጃ ገበያተኛ እንኳ እሱን ሳይሰማ አህያውን አይጭንም ነበር።

«ልጅነት ነው አባ። ያልበሰለ ሰው ያየውን ሁሉ ይናገራል። አሁን በስሏል። ድልድይ ሲፈርስ ‹ጥገናው በመፋጠን ላይ ነው› ይላል። እንዴት ያለ እድገት ነው? እኔማ ምነው መርዶ ነጋሪያችን በሆነ እላለሁ። እኛ ዘመድ ሰብስበን፣ ጎህ ጠብቀን፣ ስንት ተጨንቀን የምንናገረውን እሱ ‹ሟች በመልካም ሁኔታ ላይ ትገኛለች› ብሎ ይገላግለን ነበር…»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን በሳል ዋጠው።

ባለፈው ማክሰኞ የሆነውን ሁሉም ያውቃል። ባንቺዓለም ታማ ጎረቤት ቃሬዛ አበጅቶ፣ በአቋራጩ ዳገት ወደ ላሊበላ ሊሸከማት ተሰብስቦ ነበር። ያን ጊዜ ሬዲዮው ናዳ የዘጋው የመኪና መንገድ መከፈቱን ተናገረ። ድምፁ ያ የድሮው፣ የታመነው ድምፅ ነበር። ደርበው ሸካሚዎቹን አመስግኖ መለሰ። ልጁን በጋቢ ጠቅልሎ መኪና መንገዱ ዳር ቆመ። ቆመ። መኪና አልመጣም። ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ቃሬዛው ቢነሣም ላሊበላን ሳያዩ ልጅቷ እመንገድ ላይ አረፈች።

«ሬዲዮውን አልወቅስም» አለ ደርበው። «ምን አደረገ? ሰውየውንም ቢሆን አልወቅስም። ጥፋቱ የኔ ነው። ሰው ሲለወጥ እኮ ዜና ነው፤ እንዴት አመለጠኝ? ‹እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል› ይላሉ። የእሱ እውነት ግን ሲነገር የጠራ ነው፤ እያደር ነው የሚደፈርሰው…»

ከዚያ ድምፁን ለዘብ አድርጎ፣ ዛሬ ጠዋት አንዲት በቅሎ በአቋራጩ ዳገት ስትወጣ ማየቱን ነገራቸው። ጭቃው እስከ ሆዷ ደርሶ ነበር።

«አሳዘነችኝ፣ አባ። መንገድ ተከፍቶላት ሳለ በገደል ምን አመጣት? በቅሎ ሬዲዮ አትሰማ፣ ምን ታድርግ። ላይዋ የተቀመጠው ሰውስ?… እሱም ሥራ ይበዛበታል። የገዛ ድምፁን የሚሰማበት ጊዜ ከየት ያመጣል?»

የድንኳኑ ሰው ዐይን ወደ እንግዳው ጫማ ሄደ። እንግዳው እግሮቹን ወደ አግዳሚው ሥር ሰበሰበ።

ደርበው አላየም፤ ወይም እንዳላየ ሆነ። የጎረቤቱ የበእውቀቱ ሚስት ስሜነሽ ወሯ መግባቱን አነሣ። የመንገዱ መከፈት ዜና አሁንም ማታ ማታ ይነገራል። በእውቀቱም ምጥ ሲመጣ አምቡላንስ እጠራለሁ ብሎ ተቀምጧል። ቃሬዛ እናዘጋጅ ቢሉት «መንገዱ ተከፍቷል ተብሏል» ብሎ መለሳቸው።

«ያ የማውቀው ሰው ዛሬ ማታ ‹ገና ነው› ቢል ምን ይጎድልበታል አባ? ‹ገና ነው።› በቃ። ሰው አራት ሆኖ ይሸከማታል፣ ትደርሳለች… ግን እንዴት ተደርጎ ይጠየቃል? እንዲህ ያለ አጭር ቃል ለትልቅ ሰው አይመጥንም።»

አባ ወልደ ሰንበት መስቀላቸውን እያገላበጡ መሬት መሬት ያያሉ። እንግዳው ስልኩን አወጣ፣ ጥቂት አየው፣ መልሶ ከተተው። ማንም ጋ አልደወለም። ቆየት ብሎ ለመሄድ ተነሣ።

ደርበው አብሮት ወጣ። እንደ ደንቡ ርካብ ያዘለት፣ ኮርቻው ላይ እስኪደላደልም ጠበቀው። ከዚያ ሊሸኙ ወደ ወጡት አባ ዞሮ ሁለት እጁን ዘረጋ። ያን ዕለት የተናገረው የመጨረሻ ቃል ይህ ምርቃት ሆነ፦

«ይመርቁልኝ አባ፣ ያን የማውቀውን ሰው። ሁለት ልጆች አሉት መሰለኝ። እግዜር ያሳድግለት። አድማጭ አያሳጣው። የኔን ሐዘን አያሳየው። ልጆቹ የታመሙ ዕለትም እመቤቴ ማርያም… እሱ ክፍት ነው ባለው መንገድ ታድርስለት።»