የግራ እጅ ሠርግ

ጉለሌ፣ የቀድሞ የማተሚያ ቤት ሠራተኛ የወይዘሮ አመለወርቅ ሳሎን፤ የቆዩ መጻሕፍት ሰብሳቢው አቶ ፍስሐጽዮን አንድ የተረት መጽሐፍና አንድ ወረቀት ይዘው መጥተዋል።

ፍስሐጽዮን፦ እማማ፣ የጠየቅሁዎት ፊርማ ብቻ ነው። ቤትዎን አልጠየቅሁም።

አመለወርቅ፦ ቤቴንማ ብትጠይቀኝ አስብበት ነበር። እስቲ ምን እንደሚል ደግመህ አንብብልኝ።

ፍስሐጽዮን፦ «እኔ ወይዘሮ አመለወርቅ፣ በ1954 ዓ.ም. ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ስሠራ፣ የዚህን የተረት መጽሐፍ ሥዕሎች ታላቁ ሰዓሊ ባንቲወሰን ሲሥሏቸው በዓይኔ አይቻለሁ።» ይኸው ነው፣ በቃ።

አመለወርቅ፦ በየትኛው ዓይኔ?

ፍስሐጽዮን፦ አይቀልዱ እማማ። ዐውደ ርእዩ ቅዳሜ ይከፈታል። ከዚህ የመጀመሪያ እትም የተረፈው የእኔ አንድ ቅጂ ነው። ሥዕሎቹ ላይ ስም የለም። ከዚያ ዘመን ሠራተኞች ደግሞ በሕይወት ያሉት እርስዎ ብቻ ነዎት።

አመለወርቅ፦ የጋሽ ባንቲወሰን መሆኑን አንተ በምን አወቅህ?

ፍስሐጽዮን፦ ሃያ ዓመት አጥንቼ ነዋ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ይህን የሠርግ ሥዕል ይዩልኝ፤ አጉሊ መነጽሩን እንኩ።

አመለወርቅ፦ ያለ መነጽርም አውቀዋለሁ።

ፍስሐጽዮን፦ ሠርገኛው ሁሉ በግራ እጁ ነው የሚጎርሰው። ሙሽራው በግራ፣ ሚዜው በግራ። ቄሱ እንኳ መስቀሉን በግራ ይዘው ነው የሚባርኩት። ያን ጊዜ ይህን የሚደፍር ማን ነበር? ዘመኑ ተገላብጧል ማለታቸው ነው፤ ሳንሱሩ አልነቃባቸውም። ንግግሬን «የግራ እጅ ምሥጢር» ብዬዋለሁ። መጥሪያው ታትሟል።

አመለወርቅ፦ ወይ ጉድ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ።

ፍስሐጽዮን፦ ምን ማለትዎ ነው?

አመለወርቅ፦ ሻይህን ጠጣ፣ ይቀዘቅዛል። ስትጨርስ ብርጭቆውን ያስቀመጥክበትን ጣውላ ገልብጠው።

ፍስሐጽዮን፦ ይሄን? … ይሄ እኮ ሠርጉ ነው። እንጨት ላይ ተቀርጾ። ግን… ሁሉም በቀኝ እጃቸው ነው የሚበሉት።

አመለወርቅ፦ እንጨቱ ላይማ ጨዋ ናቸው። ቀለም ተቀብቶ ወረቀት ላይ ሲያርፍ ነው ቀኙ ግራ የሚሆነው። የሚቀርጽ ሰው ይህን አውቆ አስቀድሞ ገልብጦ ይሥላል። እኔ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ መገልበጡን ረሳሁት።

ፍስሐጽዮን፦ እርስዎ?

አመለወርቅ፦ እኔ። ሃያ ዓመት የፈለግኸው ላይ ሻይ አስቀመጥክበት። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው።

ፍስሐጽዮን፦ ባንቲወሰንስ?

አመለወርቅ፦ ሥራው ለእሳቸው ነበር የተሰጠው። ሦስት ወር አስጠበቁ። መጨረሻ ላይ ኃላፊው «አንቺ ትሞነጫጭሪያለሽ አይደል፣ በይ ሥሪው» አለኝ። በሁለት ሳምንት ሣልኩት፣ ቀረጽኩት። መጽሐፉ ሲወጣ ቄሱን በግራ ሲባርኩ ያየ ሁሉ ጮኸ። ተለቅሞ ተቃጠለ። ዛሬ ብርቅ የሆነብህ ያኔ ነውር ስለነበረ ነው። ይህችን ጣውላ ምድጃ ሊከቷት ሲሉ በነጠላዬ ጠቅልዬ አወጣኋት።

ፍስሐጽዮን፦ እርስዎንስ ምን አደረጉዎት?

አመለወርቅ፦ ጥረዛ ክፍል ወረቀት እንዳጥፍ አወረዱኝ። ጡረታ እስክወጣ አጠፍኩ። ከዚያ ወዲህ ሣዪ ያለኝ ሰው የለም። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ፍስሐጽዮን፦ አዝናለሁ እማማ፣ ከልቤ። ግን የባንቲወሰን ነው ሲባል ሰው ይመጣል። የእርስዎ ነው ብል… ማን ያውቅዎታል? «በባንቲወሰን ተማሪ የተሣለ» ብንለውስ?

አመለወርቅ፦ ሻይ አምጪ እያሉ ከመላክ በቀር ያስተማሩኝ ነገር የለም።

ፍስሐጽዮን፦ እንግዲያው «በባንቲወሰን መሪነት»?

አመለወርቅ፦ መጽሐፉን ባዩ ጊዜ «ስሜን እንዳታነሱ» ብለው ነው የወጡት። ጥፋት ሲሆን የእኔ ነበር፤ አሁን ጥበብ ሲሆን የእሳቸው ሆነ?

ፍስሐጽዮን፦ የሃያ ዓመት ድካሜን እኮ ነው የሚያፈርሱብኝ። እባክዎ፣ ጣውላውን መልሰን እንገልብጠው። እኔም እንዳላየሁ ልሁን።

አመለወርቅ፦ ጨነቀህ አይደል?

ፍስሐጽዮን፦ በጣም።

አመለወርቅ፦ እሺ። በዚህ ዕድሜዬ ሰው አላስለቅስም። እስክሪብቶውን ስጠኝ። መጽሐፉንም ወዲህ አስጠጋልኝ፣ እጄን ላሳርፍበት።

ፍስሐጽዮን፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እዚህ ከታች፣ መስመሩ ላይ… ኧረ እማማ፣ እሱ መጽሐፉ ነው። የመጀመሪያ እትም ላይ በእስክሪብቶ አይጻፍም። እማማ፣ ወረቀቱ ላይ እኮ ነው ያልኩዎት።

አመለወርቅ፦ ወረቀቱ ላይ የሚፈርመው ምስክር ነው ልጄ። ሰዓሊ የሚፈርመው ሥዕሉ ላይ ነው።