ሳያዩ የሚጨመር እንጨት

የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ክረምቱ ከበደ። ሁለት ወር ሙሉ ዝናቡ አላባራም። እንጨቱ ራሰ፣ መንገዱ ተቆረጠ፣ ገበያተኛ ቀረ። ጎረቤቴ ሸክላ ሠሪዋ ወቅቱን ሙሉ ለፍታ የሠራችውን ማሰሮና ገንቦ በአንድ እቶን ደረደረች። እሳቱን የምጠብቀው እኔ ነበርኩ። ሥራዬ ይኸው ነው፤ የሰው ሸክላ መተኮስ።

በሦስተኛው ቀን እቶኑ ሲከፈት ሸክላው ሁሉ ተጣሞና እርስ በርሱ ተጣብቆ ወጣ።

«እንጨቱ እርጥብ ነበር» አልኳት።

አንዱን ጠማማ ማሰሮ አንሥታ ወደ ቤቷ ገባች። በዚያው ዓመት ልጇን ከትምህርት ቤት አስወጥታ ጭቃ ላይ አስቀመጠቻት። ከዚያ ወዲህ ሸክላዋን ከወንዝ ማዶ ወዳለው እቶን ትሸከም ጀመር። ለምን ብዬ አልጠየቅኳትም።

ልጅቱ አድጋ አገባች። ካገባች አራት ዓመት ሞላት፤ ልጅ ግን አልመጣም።

አምና አንድ እሑድ የእህቴ ልጅ ነርሷ ልትጠይቀኝ መጥታ እቶኑ አጠገብ ተቀምጠን ሳለ፣ ሸክላ ሠሪዋ በመንገድ ስታልፍ አይታን ቆመች። ጭቃው ክርኗ ላይ ደርቋል። ፊቷ በርቷል።

«ጋሼ፣ እንኳን ደስ አለሽ ይበሉኝ! ልጄ አረገዘች።»

«ተመስገን። በምን ታወቀ?»

«በሆዷ ነዋ! በአንድ ሳምንት ገፋ። ቀሚሷ አልዘጋ አላት። መንታ ሳይሆን አይቀርም።»

ነርሷ ቀና አለች። «እማማ፣ በአንድ ሳምንት ነው ያሉኝ?»

«አዎ ልጄ። መድኃኒቱ ሠራ።»

«የምን መድኃኒት?»

ከሻሿ ጫፍ ቋጠሮ ፈትታ ባዶ የኪኒን ማሸጊያ አወጣች። «የባለሱቋ ልጅ መንታ የወለደችው በዚህ ነው። የተረፋትን ሰጠችኝ። ሲያልቅ ይህንኑ አሳይቼ ሌላ ገዛሁ፤ ማን ጠየቀኝ? ለዚያች በቀን አንድ ነበር። እኔ ሁለት ሁለት አደረግኩት። አንድ ሰው ከሚገፋው ሁለት ሰው ቢገፋው አይሻልም?»

«ሐኪም አይቷታል?»

«ሐኪም! ዛሬ ወረፋ፣ ነገ ምርመራ፣ ከነገ ወዲያ ተመለሺ። ሰልፍ ላይ ልታረጅብኝ ነው? እኔ ሦስት ስወልድ ሆዴን ማንም አላየው።»

«እርስዎ ኪኒን ውጠው አልወለዱማ።»

ሳቅ አመለጠኝ። ሸክላ ሠሪዋ ገላመጠችኝ። «ይሳቁ ጋሼ፣ ይሳቁ። ይቺን ምላስ ከማን እንደወረሰች አላጣሁትም።»

ነርሷ አልሳቀችም። ማሸጊያውን አገላብጣ አነበበችና በለሰለሰ ድምፅ ቀጠለች። «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ከማህፀን ግራና ቀኝ ሁለት የእንቁላል ከረጢቶች አሉ። በወር አንድ እንቁላል ያበስላሉ። ይህ ኪኒን ይቀሰቅሳቸዋል። ሐኪም በመሣሪያ እያየ ልኩን ካልሰጠ ብዙ እንቁላል በአንዴ ይነሣል፤ ከረጢቶቹ ያብጣሉ፣ ሆድ ውስጥ ውሃ ይጠራቀማል። የገፋው ልጅ ላይሆን ይችላል። ያስመልሳታል? ሽንቷስ ቀንሷል? ትንፋሿስ?»

«ማስመለስማ የእርግዝና ነው።» ድምፅዋ ግን ወረደ። «ትንፋሿ... ከትናንት ወዲህ ጋደም ስትል እምቢ ይላታል።»

«እንግዲያው አሁኑኑ ሆስፒታል ትሂድ።»

«አሁን? አማቶቿ ሰምተው እልል ብለዋል። ወስጃት ባዶ ነው ቢሉኝ በየትኛው ፊቴ ልቁም?»

ሴትዮዋ ሞኝ አይደለችም። የፈራችው የሰው ዐይን ነበር። ፍርሃት ደግሞ በዕውቀት ብቻ አይረታም። ከተቀመጥኩበት ተነሣሁ።

«ስሚኝ። ያን ክረምት እንጨቱ እርጥብ አልነበረም። ደረቁን ከቤቴ አውጥቼ ነበር።»

አፈጠጠችብኝ።

«እቶን ዐይን አለው። ይህችን ጡብ ስስባት የምትከፈተው ቀዳዳ ናት። እንጨት ከመጨመሬ በፊት በእሷ የእሳቱን ቀለም አያለሁ። ያን ቀን በዝናብ መውጣት ሰለቸኝ። የሌላ ሰው ሸክላ ስንት እንጨት እንደፈጀ አስታወስኩና እንዲፈጥን ብዬ እጥፉን ማገድኩ። ሳላይ። ጭቃሽ ቀለጠ። ከዚያም ዋሸሁሽ። ዛሬ አንቺ በባለሱቋ ልጅ ልክ የራስሽን ልጅ እያነደድሻት ነው። ሸክላ ሌላ ይሠራል።»

ትረግመኛለች ብዬ ጠበቅኩ። አልረገመችኝም። ማሸጊያውን መልሳ ቋጠረችና ነርሷን «ተነሽ፣ እንሂድ» አለቻት።

ልጅቱን ባሏ የሆስፒታሉን ደረጃ አዝሎ አወጣት። እኔ ከመጋረጃው ውጭ ቀረሁ። ሐኪሙ መርምሮ ሲያበቃ ሸፈናትና ቤተሰቡን ጠራ። «ጋሼም ይግቡ» አለች ልጅቱ፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ።

አርባ ዓመት በእቶን ዐይን ሳይ ኖሬአለሁ። የተሰወረ ነገር ማየት ከእኔ ወዲያ ለአሳር እል ነበር። በዚያ ጠባብ ክፍል፣ በምርመራ መሣሪያው ትንሽ የመስታወት መስኮት ላይ፣ የሰው ልጅ ውስጡ ታየኝ። ከለውዝ ብዙም የማይበልጡት ከረጢቶች እያንዳንዳቸው ብርቱካን አክለው፣ እንደ ወይን ዘለላ ክብ ክብ ፍሬ አዝለው፣ በጥቁር ውሃ ተከበው ቆመዋል። ሐኪሙ በጣቱ እያሳየ፣ «በእያንዳንዱ ክብ ውስጥ ከአሸዋ ቅንጣት ያነሰች እንቁላል አለች። ሰው የሚጀምረው ከእሷ ነው» አለ። ሳላስበው ባርኔጣዬን አወለቅኩ። እግዜር በአሸዋ ቅንጣት የሚሠራውን እኛ በእፍኝ ልንገፋው!

«ልጅ የለም» አለ ሐኪሙ። «የደም ምርመራውም ይህንኑ ነው የሚለው። ብትቆዩ ለሕይወቷ ያሰጋት ነበር።»

እናትየው ጭቃ የደረቀበት እጇን ወደ መስኮቱ ዘርግታ ሳትነካው መለሰችው። «ይህን ተሸክማ ነው እኔ እልል ያልኩት?»

ሐኪሙ ወደ ባልየው ዞረ። «አንተስ ተመርምረሃል?»

«እኔ? እኔ ምን ሆንኩ?»

«እኮ፣ ማን አየህ?»

ተመረመረ። ችግሩ በእሱ በኩል ሆኖ ተገኘ፤ ሕክምናም አለው ተባለ። ሚስቲቱ ኪኒኑን በጆንያ ብትውጥ ፍሬ አልነበረውም።

ልጅቱ ዘጠኝ ቀን ተኝታ ዳነች። ልጅ ገና አልመጣም። ባልና ሚስት በቀጠሯቸው ቀን አብረው ይሄዳሉ፤ የሚያስፈልገው ተለይቷል፣ የማያስፈልገው ቀርቷል፣ ተስፋቸው መሠረት አግኝቷል። እናትየው ገበያ ላይ ትርፍ ኪኒን የምትቀባበል ሴት ካየች አታልፋትም። «ለዚያች የታዘዘው ያንቺ ልክ ነው ወይ? መጀመሪያ ታዪ!» ትላለች። ባለሱቋ እንኳ ታፍራታለች።

በጋው ሲገባ ሸክላ ሠሪዋ የወቅት ሥራዋን አሸክማ እኔ ደጅ መጣች። ወንዝ አልተሻገረችም። ሦስት ቀን ከእቶኑ ዐይን አልራቅኩም፤ ሳላይ አንዲት ፍልጥ አልጨመርኩም። ሲከፈት ሁሉም ቀይና ሙሉ ሆኖ ወጣ። አንዱን ገንቦ በጣቷ መታ አደረገችው። ጥርት ብሎ ጮኸ።

ቤቷ ገብታ አንድ ጠማማ ማሰሮ ይዛ ወጣች። አወቅኩት፤ የዚያ ክረምት ነው።

«በእርጥብ እንጨት የተተኮሰ ይጠቁራል እንጂ አይቀልጥም» አለች። «ያኔም አውቅ ነበር ጋሼ። እስኪነግሩኝ ነው የጠበቅኩት።»

ማሰሮውን በድንጋይ ሰበረችው፤ አደቀቀችው፤ ከአዲሱ ጭቃ ጋር እንዲለወስ ለልጇ ሰጠቻት።

«ስባሪ ያልገባበት ጭቃ ይሰነጠቃል» አለችኝ። «ይሂዱ አሁን። ዕዳዎን ከፍለዋል።»