ፈረስ ፍሬን አለው እንዴ?

«ዛሬ ደግሞ ፀሐዩ! ቁጭ በይ ማዕዶትዬ፣ እዚህ ጥላው ጋ። ከክፍል መምጣትሽ ነው? ልጆቹ አደከሙሽ አይደል… ጉንጭሽ ላይ ጠመኔ አለ፣ ጥረጊው። ሻይ ላድርግልሽ ወይስ ስፕሪስ? ስኳር ቀንሺ ብለሽኝ ነበር፣ አልረሳሁም። ቤትሽስ እንዴት ነው፣ ጣሪያው አላፈሰሰም?»

ሀሊሜ ይህን ሁሉ ስትጠይቅ መልስ አልጠበቀችም። ማዕዶት ከደብረ ብርሃን ተመድባ የመጣች አስተማሪ ናት፤ የሀሊሜን የጓሮ ክፍል ተከራይታ ትኖራለች፣ ለቡታጅራ ገና አዲስ ናት። ከማዕዶት ጀርባ፣ ግድግዳውን ተደግፈው ብቻቸውን ሻይ የሚጠጡት ሰውዬ ግን ለከተማው አዲስ አይደሉም፤ የፈረስ ጋሪ ባለንብረቶች ማህበር ሊቀመንበር ናቸው። ከዙህር ሶላት በኋላ ስብሰባ አላቸው። ማህበሩ ፈረስ የሚያመላልስባት አሮጌ አይሱዙ ትታደስ ወይስ ተሸጣ ሌላ ይገዛ የሚለው ዛሬ ይቆረጣል። ይቆረጣል ማለት እንግዲህ እሳቸው ያሉት ይሆናል ማለት ነው።

የመኪናዋ ሹፌር አሚኑ ይባላል፤ የሀሊሜ ባል ነው። ሀሊሜ ሊቀመንበሩን ፊት ለፊት ብትናገር አሚኑ ከሥራው ይባረራል። ዝም ብትል ደግሞ ነገ ያቺኑ መኪና ይዞ ደጋው ላይ ወዳለው የአገና ገበያ ይወጣል፣ ከአገና ደግሞ መውረድ አለ። ዝም ማለቱን ሞክራው ነበር፤ ሆዷ አልቻለም። ስለዚህ ፊቷን ወደ ማዕዶት፣ ድምፅዋን ወደ ግድግዳው አድርጋ ቀጠለች።

«ስለ አንድ ትልቅ ሰው ላጫውትሽ? ስም አልጠራም። ስም ከጠራሁ ሐሜት ይሆንብኛል። ማመስገን ግን ምን ወንጀል አለው? መቼም ደግ ሰው ሲኖር መመስገን አለበት… ቅርንፉድ ልጨምርልሽ?

«እናንተም አገር ሳይኖር አይቀርም፤ እኛ ዘንድ ድሮ የተከበረ ሰው በፈረሱ ስም ነበር የሚጠራው። እናቱ ያወጣችለት ስም ለቤት፣ የፈረሱ ስም ለአደባባይ። እኚህ የምነግርሽ ሰው ታዲያ ፈረስ አልነበራቸውም። የፈረስ ጋሪ ማህበር አለቃ ሆነው ፈረስ የሌላቸው እንዴት ነው እንዳትይኝ፤ እኔ ምን አውቃለሁ? ማህበሩ መኪናዋን የገዛ ቀን በግ ታርዶ፣ ሰው ጠግቦ ሲያበቃ ብድግ አሉና ‹ከዛሬ ጀምሮ ፈረሴ ይህቺ ናት!› አሉ። አይሱዙዋን! ስም አወጡላት፣ ስሟን ለራሳቸው ወሰዱ። ሰው አጨበጨበ። ጠግቦ የለ፣ ምን ያድርግ? ስሟን አልነግርሽም፣ የሳቸውን መጥራቴ ነውና። ከዚያ ወዲህ እናታቸው ባወጡላቸው ስም የጠራቸው ሰው ‹አቤት› የሚለው አላገኘም።

«አሁን አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ ፍረጂ። ያቺ መኪና ብትሸጥ ሰውዬው ማን ሊባሉ ነው? የቆሼ ከተማ ነጋዴ ገዝቷት በርበሬ ቢጭንባት፣ በሳቸው ስም ላይ በርበሬ ጫነ ማለት አይደለም? እንዴት ይችሉታል! ሰው ሁሉ ‹ግትር ናቸው› ይላቸዋል። ግትር አይደሉም። ስም አጠባበቅ ያውቃሉ እንጂ…»

ግድግዳው ጋ የሻይ ማንኪያ ብርጭቆ ውስጥ ትዞር ነበር፤ ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል፣ ማንኪያዋ ግን መዞሯን አልተወችም። ሀሊሜም ልብ ብላለች፤ እንዴት ልብ አትል! ማንቆርቆሪያውን አንስታ ማንም ላላዘዘው ሻይ ውሃ ጨመረች።

«እንክብካቤያቸውን ደግሞ ብታዪ! አምና ክረምት ሞተሯ አልነሳ አለ። መካኒኩ ሸምሶ ከፍቶ አየና ‹ይሄ ሞተር አልቆለታል› አላቸው። እሳቸው ግን ፈረስ አዋቂ ናቸው። ‹ደክሟት ነው፣ ሳር ላይ ትረፍ› አሉ። ወላሂ አልጨመርኩም! አስጎትተው ሜዳው ላይ አቆሟት። ክረምቱን ሙሉ ሳር ላይ አሳረፏት። የሰው ዶሮ ጋቢናዋ ውስጥ ገብታ ፈልፍላ ወጣች። መስከረም ሲጠባ ቁልፉ ሲዞር መኪናዋ ተነሳች አይደለም እንዴ! ሸምሶ በጎን እየመጣ ሲጠግናት እንደከረመ እሱና አላህ ያውቃሉ። እሳቸው ግን ሳሩን ነው ያመሰገኑት። ሸምሶም ምን ይበል፣ ከሳር ጋር ይሟገት?

«ዳገት ላይ ትንሽ ትደክማለች፤ መድከም ያለ ነው። ያኔ አሚኑ ፈረሶቹን ከካሶኒዋ ያወርድና በገመድ ከፊቷ ያስራቸዋል። ይጎትቷታል። ዳገቱን ሲጨርሱ መልሰው ይጫናሉ። ባለፈው አንድ የአገና ገበሬ ቆሞ አየ፣ አየ፣ አየና ‹እናንተ ሰዎች፣ ማን ነው ማንን የሚወስደው?› ብሎ ጠየቀ አሉ። ገጠሬ አይደል! ማህበር ምን እንደሆነ በምን ያውቃል?»

ማዕዶትን ሻዩ ትን አላት። ሀሊሜ ጀርባዋን መታ መታ አደረገቻት፤ ዓይኗ ግን ከማዕዶት ትከሻ በላይ አልፎ ሄዷል። ሊቀመንበሩ ማንኪያዋን አስቀምጠዋል። ጆሮአቸው ቀልቷል። የሚገርመው፣ ከተቀመጡበት አልተነሱም፤ ቢነሱ ‹እኔ ነኝ› ማለታቸው ነዋ።

«አይዞሽ፣ ቀስ ብለሽ ጠጪ። እና ዛሬ ‹ትታደስ› ሊሉ ነው አሉ። ማደስስ አሳምረው ያውቁበታል! ያለፈው ጊዜ ሲያድሷት አረንጓዴ ቀለም አስቀቧት። ግንባሯ ላይ ቀይ የሐር ዘርፍ አንጠለጠሉላት፤ የፈረስ ጌጥ እኮ ነው፣ ታውቂዋለሽ። ጋቢናዋን መጋረጃ አለበሷት። ክላክሷን አስወጥተው እንደ ፈረስ የሚያሽካካ ክላክስ አስገቡላት። መጀመሪያ ስታሽካካ ካሶኒው ላይ ያሉት ፈረሶች እውነት መስሏቸው መለሱላት፤ ሰፈሩ ተረበሸ። ማህበርተኛውም ተስማምቶበት ነው፣ ሐሰት አልናገርም። በስብሰባው ላይ እሳቸው ዝንብ ሊያባርሩ እጃቸውን ብድግ ሲያደርጉ ሁሉም አብሮ አነሳ። በሙሉ ድምፅ አለፈ። ያለፈው ነገር ምን እንደሆነ እስካሁን የሚያውቅ የለም፤ እኔ ግን ክላክሱ ይመስለኛል።

«ፍሬኗስ? አልሽ? አላልሽም… ግን ፊትሽ ጠየቀ። አሚኑም ጠይቋቸው ነበር። ‹ጋሼ፣ ቀለሙ ይቆይና ፍሬኗ ይሠራልኝ፣ እግሬን እስከ መጨረሻው ስረግጥ ከወለሉ ጋር ይገናኛል እንጂ መኪናዋ አትሰማኝም› አላቸው። ምን ቢመልሱለት ጥሩ ነው? ‹አንተ ልጅ፣ ፈረስ ፍሬን አለው እንዴ?› እህ! በምን ትከራከሪያለሽ? እስቲ ፍሬን ያለው ፈረስ አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔም አላየሁም።»

እዚህ ላይ ሳቀች። ሳቋ ከልቧ አልነበረም። የገበያ ቀን በመጣ ቁጥር ሻይ ቤቱን ለጎረቤት ትታ አስፋልቱ ዳር ትቆማለች፤ ያ የማይረባ ክላክስ ከሩቅ ሲያሽካካ ስትሰማ ነው ወደ ሻይ ቤቷ የምትመለሰው። ሰው ያያታል፣ ‹ባሏን ስትወድ!› ይላታል። ትወደዋለች፤ ግን በፍቅር ብቻ አይደለም እዚያ የምትቆመው። ትፈራለች። ሰው እንደምን እየፈራ እንጀራውን እንደሚበላ እሷን መጠየቅ ነው።

«ታዲያ በምን ይቆማል ትያለሽ? አሚኑ ዘዴ አገኘ፣ በእንሰት ነው የሚቆመው። አዎ፣ በእንሰት! ቁልቁለቱ መጨረሻ መንገዱ ዳር የዛህራ የምትባል ሴትዮ የእንሰት ጓሮ አለ። እንሰት ደግሞ ታውቂያለሽ ለስላሳ ነው፣ ውሃ ነው፣ ሰው አይጎዳም። አሚኑ መሪውን ወደዚያ ያዞራል፣ ገብቶ ይቆማል። ፈረሶቹም በዚያው ቅጠሉን ይቀማምሳሉ። መጀመሪያ ጊዜ ዛህራ እየጮኸች ወጣች። ሁለተኛም ጮኸች። አሁን ለምዳዋለች፤ ባለፈው እንዲያውም ደጃፏ ላይ ቁጭ ብላ ጠበቀችውና ‹ዛሬ ምነው ዘገያችሁ?› አለችው። ከፊት ያለው እንሰት ግን እያለቀ ነው አሉ። ከእንሰቱ ጀርባ ደግሞ… ገደል ነው። ግድ የለም፣ እንሰት ይተከላል። በስንት ዓመት ይደርሳል? አንቺ እንሰት የሌለበት አገር ልጅ ነሽ፣ አታውቂውም፤ ይቆያል።»

የመጨረሻዋን ቃል ስትል ድምፅዋ ተሰበረ። ሀሊሜ ተናደደች፤ በራሷ ነው የተናደደችው። ማልቀስ አላሰበችማ! ጨርቅ አንስታ ንጹሑን ጠረጴዛ ወለወለች፣ ፈገግ አለች። ፈገግታው ማር ነበር።

«ደግሞ ትህትናቸው! ይህን የመሰለ ፈረስ እያላቸው አንድ ቀን ወጥተውበት አያውቁም። አገና ሲሄዱ በሚኒባስ ነው፤ እንደ ማንም ሰው፣ ተጨናንቀው፣ የሰው ዘንቢል ጉልበታቸው ላይ አድርገው። አሚኑ ‹ጋሼ፣ ጋቢናው ባዶ ነው፣ ይግቡ› ሲላቸው ‹እሷን አላደክማትም› ይላሉ። አየሽ ርኅራኄ? ለመኪና እንኳን እንዲህ የሚራራ ልብ… ለሰው ሲሆን እንዴት ይሆን?»

ሊቀመንበሩ ተነሱ። የሻዩን ሒሳብ ጠረጴዛው ላይ አኖሩ፣ ኮፍያቸውን አስተካከሉ፣ ወደ በሩ ሁለት እርምጃ ሄዱና ቆሙ። ምናልባት ሊናገሩ ነበር። ምን ይናገራሉ? ስማቸው አልተጠራ፣ የተሰደቡት ስድብ የለ፣ የሰሙት ምስጋና ብቻ። ሌሎቹም ጠጪዎች ወደ እሳቸው ዞሩ። ሀሊሜ እንደ አዲስ ያየቻቸው ይመስል እጇን በቀሚሷ አብሳ ብድግ አለች፤ ያኔም ቢሆን የተናገረችው ወደ ማዕዶት ዞራ ነው።

«ይኸውልሽ፣ የደስታቸውን ነገር ልረሳው! የመጨረሻ ልጃቸው ልትዳር ነው፣ አልሰማሽም? ማሻአላህ፣ ልጅ ማለት እሷ ናት። እዚህ መጥታ ሻይ ስትጠጣ ብርጭቆዋን ራሷ አጥባ ነው የምትሄደው። ሰርጉ አገና ነው፣ አያቷ ቤት፤ ሙሽራው የቡታጅራ ልጅ ስለሆነ በዚያው ቀን ይዘዋት ይወርዳሉ። ከወልቂጤ መኪና ሊከራዩላት ነው ሲባል ሰምቼ ግን አዘንኩ። ነጭ ነው አሉ፣ አዲስ፣ ፍሬኑ በጣት ሲነካ የሚይዝ። ምን በወጣቸው! የታደሰች ፈረስ እያለች፣ የአባቷ ስም እያለ፣ የሰው መኪና? እኔ እንደሆነ እናት ነኝ፣ ለልጅ የምመኘው አንድ ነገር ነው። እንመርቃቸው እስቲ፣ እጅሽን ዘርጊ ማዕዶትዬ። እናንተም ዘርጉ፣ ምርቃት አይገፋም፣ ሰምቶ አሚን የማይል የለም…

«አላህ ዕድሜያቸውን ያርዝመው። ዛሬ በስብሰባው ያሰቡትን ያሳካላቸው። መኪናቸው ትታደስላቸው፣ አትለያቸው፣ ለልጃቸውም ትድረስላቸው። ያቺን የመሰለች ሙሽራ፣ ዓይናቸው እያየ፣ በገዛ እጃቸው ጋቢናዋ ውስጥ ያስቀምጧት። ያንን ቁልቁለት በአባቷ ፈረስ፣ እያሽካካች፣ እየሳቀች ትውረድ… አሚን በሉ እንጂ!»