ለየብቻ ያደሩት

ራቤል ከተማ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ ሳስተምር የገጠመኝን ልንገራችሁ። ሰሌዳው ላይ ሦስት ሣጥን ሣልኩና፣ "እነዚህ የካርቦን የመጨረሻ ኦርቢታሎች ናቸው፤ እንደ እኩል ክፍሎች ቁጠሯቸው" አልኩ። "ኤሌክትሮኖች እርስ በርስ ይገፋፋሉ። ባዶ ክፍል እያለ ሁለቱ አንድ ላይ አይገቡም።" ከዚያ አንዲት ተማሪ አስነሥቼ ሁለት ኤሌክትሮን እንድታስገባ ጠመኔ ሰጠኋት። ሁለቱንም አንድ ሣጥን ውስጥ አጨቀቻቸው። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እኔም ግንፍል ብዬ፣ "አሁን ምን አልኩ? ለየብቻ!" አልኳት።

ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። "ቲቸር፣ አባቴና አጎቴ በእርሻ ድንበር ተኳርፈው ነበር። ጓሳ ተራራ ላይ ሣር ሊያጭዱ ሄደው በረዶ ወርዶ መሸባቸው። አንዱ ካለበት ዋሻ ሌላው አልገባም አለ። አንድ ባና ለሁለት ተከናንበው ቢያድሩ ይሞቃቸው ነበር። ጠዋት ሁለቱንም በየዋሻቸው በብርድ ደርቀው አገኘናቸው።"

እሷ ወደ ሰሌዳው ዞረች፤ አንዱን ኤሌክትሮን በመዳፏ አጠፋችና ከባዶዎቹ ሣጥኖች በአንዱ ውስጥ ጻፈችው። "ይኸው ቲቸር፣ እንዳሉት ለየብቻቸው" ብላኝ ሄዳ ተቀመጠች።

መልሱ ልክ ነበር። "ልክ ነሽ" ማለት ግን አቃተኝ።